የዲጂታል ካሜራ ገዢዎች የብራንድ ታማኝነት

የብራንድ ታማኝነት ማለት አንድ ገዢ ሌላ አማራጭ እያለው የአንድን አምራች ዕቃ ደጋግሞ የመግዛትና ለዚያ አምራች የማድላት ዝንባሌ ነው። በዲጂታል ካሜራ ገበያ ይህ ዝንባሌ ከብዙ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች ይልቅ ጎልቶ ይታያል። ቴሌቪዥኑ ያረጀበት ሰው የሌላ ኩባንያ ቴሌቪዥን ለመግዛት ብዙም አያመነታም፤ በካኖን ወይም በኒኮን ዓመታት የሠራ ፎቶ አንሺ ግን ወደ ሌላው ከመዞሩ በፊት ደጋግሞ ያስባል። ለዚህ ሦስት ምክንያቶች አብረው ይሠራሉ፦ ካሜራው ከሌንሶቹ ጋር ያለው ቴክኒካዊ ትስስር፣ ሰው ለገዛው ዕቃ የሚኖረው ስነ ልቦናዊ ቅርበት፣ እና አምራቹ በዘመናት ያተረፈው ስም።

ስምና ታማኝነት ቢቀራረቡም አንድ አይደሉም። ስም ገና ያልገዛው ሰው ጭምር ስለ አምራቹ የሚያምነው ነገር ሲሆን፣ ታማኝነት ግን ገዝቶ የተጠቀመው ሰው የሚያሳየው ነው። ስም አዲስ ገዢ ያመጣል፤ ታማኝነት የመጣውን ያቆያል።

ትርጉም

በገበያ ጥናት ታማኝነት በሁለት መንገድ ይታያል። የመጀመሪያው የባህሪ ታማኝነት ሲሆን የሚለካው ገዢው በተግባር ደጋግሞ በመግዛቱ ነው። ሁለተኛው የአመለካከት ታማኝነት ሲሆን ገዢው ብራንዱን ከልቡ መውደዱንና ለሌሎች መምከሩን ይመለከታል። ሁለቱ ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም። አንድ ሰው በካሜራው ቢማረርም ሌንሶቹን ጥሎ መውጣት ስለሚከብደው የዚያኑ ኩባንያ ካሜራ እንደገና ሊገዛ ይችላል። የሽያጭ ቁጥር ብቻ የሚያይ አምራች ይህን ሰው ታማኝ ደንበኛ ብሎ ይቆጥረዋል፤ ሰውዬው ግን መውጫ ያጣ ደንበኛ ነው። በካሜራ ገበያ የታማኝነት ጥናት ዋናው ችግር እነዚህን ሁለት ሰዎች መለየት ነው።

የሌንስ መግጠሚያና የመቀየሪያ ወጪ

ሌንሳቸው የሚቀየር ካሜራዎች ሌንሱን የሚይዙት መግጠሚያ በሚባል የብረት ቀለበት ነው። እያንዳንዱ ትልቅ አምራች የራሱ መግጠሚያ ስላለው የኒኮን ሌንስ በካኖን ካሜራ ላይ እንዲሁ አይገጠምም። ሌንስ ደግሞ ከካሜራው አካል የበለጠ ዕድሜ አለው። የዲጂታል ካሜራ አካል በጥቂት ዓመታት ውስጥ በአዲስ ሞዴል ሲተካ፣ ጥሩ ሌንስ ግን ከአስር ዓመት በላይ ያገለግላል። በዚህም የተነሳ ገዢው የመጀመሪያውን ካሜራ ሲመርጥ ቀጣዮቹንም አብሮ እንደመረጠ ይቆጠራል።

ይህ ትስስር በኢኮኖሚክስ የመቀየሪያ ወጪ ይባላል። ለምሳሌ አንድ ፎቶ አንሺ 100 ሺህ ብር ያወጣ ካሜራና በድምሩ 150 ሺህ ብር ያወጡ ሦስት ሌንሶች አሉት እንበል። ዕቃውን ሁሉ ቢሸጥና የገዛበትን ዋጋ 60 ከመቶ ቢያገኝ እጁ ላይ የሚገባው 150 ሺህ ብር ነው። ተመሳሳይ ዕቃ ከሌላ ኩባንያ በዚያው በ250 ሺህ ብር ለመግዛት 100 ሺህ ብር መጨመር አለበት። ስለዚህ የሌላው ኩባንያ ካሜራ በጥቂቱ መሻሉ ብቻ አይበቃም፤ የ100 ሺህ ብሩን ልዩነት የሚያካክስ ብልጫ ሊኖረው ይገባል።

ከገንዘቡ ሌላ የእጅ ልምድም አለ። የኒኮን ሌንስ የሚገጠመው ከካኖን በተቃራኒ አቅጣጫ በማዞር ነው፤ የማቅረቢያውና የማራቂያው ቀለበትም እንዲሁ በተቃራኒው ይዞራል። ሠርግ ወይም ውድድር የሚያነሳ ባለሙያ ቁልፎቹን ሳያይ በጣቱ ነው የሚያገኛቸው። አዲስ ካሜራ ሲይዝ ይህን ልምድ እንደገና መገንባት አለበት፤ ያመለጠ ቅጽበት ደግሞ ተመልሶ አይመጣም። ሌንስ መዋዋስ የተለመደ በሆነበት ቦታም ገዢው የሚመርጠው ባልደረቦቹ የያዙትን ብራንድ ነው፤ ብቻውን ሌላ ብራንድ የያዘ ሰው የሚያበድረው አያገኝም።

የመግጠሚያዎች ታሪክ

ኒኮን እ.ኤ.አ. በ1959 ከኒኮን ኤፍ ካሜራ ጋር ያወጣውን መግጠሚያ ለአሥርተ ዓመታት ይዞ ቆይቷል። ብዙ አሮጌ ሌንሶች አንዳንድ ተግባራቸው ቢቀርም በዲጂታል ካሜራዎቹ ላይ ይሠሩ ነበር። ይህም «ኒኮን የቆየ ደንበኛውን አይጥልም» የሚል ስም አስገኝቶለታል።

ካኖን የተለየ መንገድ መረጠ። እ.ኤ.አ. በ1987 የቀድሞውን መግጠሚያ ትቶ ኢኤፍ የተባለ ሙሉ በሙሉ ኤሌክትሮኒክ መግጠሚያ አወጣ። የድሮ ሌንሶቻቸው በአዲሶቹ ካሜራዎች ላይ የማይገጠሙላቸው ደንበኞች ቅር ተሰኙ። ሆኖም አዲሱ ስልት ትኩረቱን የሚያስተካክለውን ሞተር በሌንሱ ውስጥ በማድረጉ ካኖን በፈጣን ራስ ሰር ትኩረት ታወቀ፤ በስፖርት ፎቶግራፍ ዘንድም ጠንካራ ቦታ ያዘ። አንድ አምራች የነባር ደንበኞቹን ታማኝነት አደጋ ላይ ጥሎ አዲስ ስም የገነባበት ዋነኛ ምሳሌ ይህ ነው።

ሶኒ ወደዚህ ገበያ የገባው በሌላ ኩባንያ ደንበኞች በኩል ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የኮኒካ ሚኖልታን የካሜራ ሥራ ሲረከብ፣ ሚኖልታ በ1985 የጀመረውን መግጠሚያም አብሮ ወረሰ። የሚኖልታ ሌንስ የነበራቸው ሰዎች ሌንሶቻቸውን በሶኒ አልፋ ካሜራዎች ላይ መጠቀም ቻሉ።

ትልቁ መናጋት የመጣው መስታወት አልባ ካሜራዎች ሲስፋፉ ነው። ሶኒ እ.ኤ.አ. በ2013 ሙሉ ፍሬም ሴንሰር ያላቸውን አልፋ 7 እና አልፋ 7አር አወጣ። ካኖንና ኒኮን በዚህ መስክ ምላሽ የሰጡት በ2018 ሲሆን፣ ሁለቱም አዲስ መግጠሚያ ይዘው መጡ። የድሮ ሌንስ የሚያገናኙ አስማሚዎች ቢያቀርቡም፣ ብዙ ገዢዎች «ሌንሱን መቀየሬ ካልቀረ ሌላውንም ልየው» የሚል ጥያቄ የሚያነሱበት ጊዜ ሆነ። በር አንዴ ሲከፈት የሚወጣውም የሚገባውም ይበዛል።

ሁሉም መግጠሚያ ግን የአንድ ኩባንያ ብቻ አይደለም። ኦሊምፐስና ፓናሶኒክ እ.ኤ.አ. በ2008 ማይክሮ ፎር ሰርድስ የተባለ የጋራ ደንብ አወጡ። በ2018 ደግሞ ላይካ፣ ፓናሶኒክና ሲግማ በአንድ መግጠሚያ ለመሥራት ተስማሙ። በእንዲህ ዓይነቱ ስምምነት ውስጥ ያለ ገዢ የካሜራውን አምራች ቢቀይርም ሌንሶቹን አያጣም።

ስነ ልቦናዊ ምክንያቶች

ሌንስ የማይቀየርባቸው ትንንሽ ካሜራዎች ገዢዎችም ለብራንዳቸው ሲያደሉ ይታያል። ይህን በመቀየሪያ ወጪ ብቻ ማስረዳት አይቻልም።

የመጀመሪያው ምክንያት ከግዢ በኋላ የሚመጣ ራስን የማሳመን ዝንባሌ ነው። አሜሪካዊው የስነ ልቦና ተመራማሪ ጃክ ብሬም እ.ኤ.አ. በ1956 ባሳተመው ሙከራ ሴቶች የቤት ዕቃዎችን እንዲመዝኑ፣ ከዚያም ከሁለት አንዱን መርጠው እንዲወስዱ አደረገ። ዕቃውን ከመረጡ በኋላ እንደገና ሲመዝኑ ለመረጡት ከፍ ያለ፣ ለተዉት ዝቅ ያለ ዋጋ ሰጡ። ሊዮን ፌስቲንገር በ1957 ይህን ዓይነቱን ባህሪ የአስተሳሰብ አለመጣጣም በሚል ንድፈ ሐሳብ አብራርቶታል፦ ሰው «ብዙ ገንዘብ አውጥቻለሁ» እና «ሌላው ይሻል ነበር» የሚሉ ሁለት ሐሳቦችን አብሮ መያዝ ስለሚከብደው ሁለተኛውን ያዳክማል። ካሜራ ውድ ዕቃ በመሆኑ ይህ ግፊት ይበረታል።

ሁለተኛው የባለቤትነት ውጤት ይባላል። ዳንኤል ካነማን፣ ጃክ ኔትሽና ሪቻርድ ቴለር እ.ኤ.አ. በ1990 ባወጡት ጥናት ስኒ የተሰጣቸው ሰዎች ስኒውን ለመሸጥ የጠየቁት ዋጋ፣ ያልተሰጣቸው ሰዎች ለመግዛት ካቀረቡት በግምት እጥፍ ነበር። ያገለገለ ካሜራ የሚሸጥ ሰውና የሚገዛው ሰው በዋጋ ለመስማማት የሚቸገሩበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ ሻጩ የሚያየው አብሮት የኖረውን ካሜራ ነው፣ ገዢው የሚያየው ያገለገለ ዕቃ ነው።

ሦስተኛው የቡድን ስሜት ነው። አልበርት ሙኒዝና ቶማስ ኦጊን እ.ኤ.አ. በ2001 የብራንድ ማኅበረሰብ የሚለውን ሐሳብ ሲያቀርቡ፣ የአንድ ብራንድ ወዳጆች ማንነታቸውን የሚገልጹት በሚወዱት ብቻ ሳይሆን በሚቃወሙት ጭምር መሆኑን አሳይተዋል። የካኖንና የኒኮን ተጠቃሚዎች የረጅም ዘመን ፉክክር ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። ክርክሩ በአብዛኛው ስለ ፎቶው ሳይሆን ስለ ካሜራው ነው።

ስም ሳይታይ የሚሰጥ ፍርድ የተለየ ሊሆን ይችላል። ራልፍ አሊሰንና ኬነዝ ዩል እ.ኤ.አ. በ1964 ባሳተሙት ጥናት ቢራ ጠጪዎች ጽሑፍ ከሌለው ጠርሙስ ሲቀርብላቸው ብራንዶቹን ብዙም መለየት አልቻሉም፤ ጽሑፉ ሲመለስ ግን ለሚወዱት ብራንድ ከፍ ያለ ነጥብ ሰጡ። ታትሞ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ፎቶግራፍም በየትኛው ኩባንያ ካሜራ እንደተነሳ በማየት ብቻ መለየት አስቸጋሪ ነው።

ስም እንዴት ይገነባል

የካሜራ ስም ብዙ ጊዜ የሚነሳው ከባለሙያዎች ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የጃፓን ዕቃ በምዕራቡ ዓለም ርካሽና ዝቅተኛ ተደርጎ ይታይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1950 የላይፍ መጽሔት ፎቶ አንሺ ዴቪድ ዳግላስ ደንከን በጃፓን የኒኮር ሌንሶችን አይቶ ጥራታቸው ስለማረከው በኮሪያ ጦርነት ተጠቀመባቸው። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ኒው ዮርክ ታይምስ ስለ ጃፓን ካሜራና ሌንስ ጻፈ። ከማስታወቂያ ይልቅ በጦር ሜዳ የተፈተነ ሌንስ ለኒኮን ስም ሠራ።

በኋላም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። በስፖርት ሜዳ ዳር የሚታዩት ነጭ የካኖን ትልልቅ ሌንሶች ቀለማቸው የፀሐይን ሙቀት ለመቀነስ የተመረጠ ቢሆንም ከሩቅ የሚለይ ምልክት ሆነዋል። እ.ኤ.አ. በ2020 አሶሺየትድ ፕሬስ የዜና ወኪል ለፎቶና ቪዲዮ ጋዜጠኞቹ የሶኒን ካሜራዎች እንደሚያቀርብ ሲያስታውቅ፣ ሶኒ በባለሙያዎች ዘንድ መታመኑን የሚያሳይ ማስረጃ ተደርጎ ታየ።

ስም ለምን ይህን ያህል ዋጋ እንደሚኖረው የሚያብራራ አንድ የታወቀ ጽሑፍ አለ። ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ባወጣው ጥናት ያገለገሉ መኪናዎችን ምሳሌ አድርጎ፣ ሻጩ የሚያውቀውን ጉድለት ገዢው በማያውቅበት ገበያ ጥሩው ዕቃ ከመጥፎው ጋር እኩል እንደሚረክስ አሳየ። የዚህ መፍትሔ ከሆኑት ነገሮች አንዱ የብራንድ ስም ነው። ገዢው የካሜራውን ውስጥ ከፍቶ ማየት አይችልም፤ ስሙ ግን ኩባንያው መጥፎ ዕቃ ቢሸጥ የሚያጣው ነገር እንዳለ ይነግረዋል። ስም በዚህ ትርጉም መያዣ ነው።

የተበደረ ስም

አንዳንድ ኩባንያዎች ስም ከመገንባት ይልቅ ይዋሳሉ። ፓናሶኒክ ከላይካ ጋር፣ ሶኒ ደግሞ ከካርል ዛይስ ጋር በመተባበር የእነዚህን የጀርመን ኩባንያዎች ስም የያዙ ሌንሶች ለገበያ አቅርበዋል። በስማርትፎንም ሁዋዌ እ.ኤ.አ. በ2016 ከላይካ ጋር፣ ዋንፕላስ በ2021 ከሃሰልብላድ ጋር ሠርቷል።

ላይካ በዲ-ሉክስ ስም የሚሸጣቸው ትንንሽ ካሜራዎች ከፓናሶኒክ ካሜራዎች ጋር በአብዛኛው አንድ ዓይነት ናቸው። ልዩነቱ በውጫዊ ቅርጽ፣ በሶፍትዌር ማስተካከያና በሽያጭ አገልግሎት ላይ ሲሆን፣ የላይካው ዋጋ ግን ከፍ ይላል። የስም ዋጋ በብር ሊተመን ከተፈለገ ከዚህ የቀረበ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

የውስጥ ክፍሎችም ገዢው እንደሚያስበው የተለያዩ አይደሉም። ኒኮን በበርካታ ካሜራዎቹ የተጠቀመው ተፎካካሪው ሶኒ የሚያመርተውን ሴንሰር ነው። የዚህ መደባለቅ ጉዳት እ.ኤ.አ. በ2005 ታየ። ሶኒ ያመረታቸው አንዳንድ ሴንሰሮች በሙቀትና በእርጥበት የተነሳ እየተበላሹ ምስሉ ይጠቁር ወይም ይዛባ ጀመር። ችግሩ የታየው በሶኒ ብቻ ሳይሆን በካኖን፣ በኒኮን፣ በፉጂፊልምና በኮኒካ ሚኖልታ ካሜራዎችም ነበር፤ አምራቾቹም በነፃ እንደሚጠግኑ አስታወቁ። «የእኔ ብራንድ ይሻላል» ይሉ የነበሩ ገዢዎች በአንድ ዓይነት ብልሽት ተገናኙ።

ስም እንዴት ይጎዳል

ማንኛውም አምራች እንከን ያለበት ዕቃ ሊያወጣ ይችላል። ስሙን የሚጎዳው ግን እንከኑ ብቻ ሳይሆን እንከኑን የሚቀበልበት መንገድና ጊዜ ነው።

ኒኮን እ.ኤ.አ. በመስከረም 2012 ዲ600 የተባለ ሙሉ ፍሬም ካሜራ አወጣ። ብዙም ሳይቆይ ተጠቃሚዎች በፎቶዎቻቸው ላይ፣ በተለይ በግራ በኩል ከላይ፣ ነጠብጣቦች እንደሚታዩ ተናገሩ። ኩባንያው በየካቲት 2013 ባወጣው ማስታወቂያ ሴንሰሩን በአየር መንፊያ ማጽዳትን፣ ካልጠራም ወደ አገልግሎት ማዕከል መውሰድን መከረ። በጥቅምት 2013 ሸተሩ የተለወጠለትና በሌላው ሁሉ ተቀራራቢ የሆነ ዲ610 የተባለ ካሜራ ወጣ። ዲ600 የገዙ ሰዎች ይህን ያዩት ኩባንያው ችግሩን በአዲስ ስም እንደሸሸገ አድርገው ነበር፤ የያዙት ካሜራ የዳግም ሽያጭ ዋጋም ተጎዳ። በየካቲት 2014 ኒኮን የዋስትና ጊዜያቸው ያለፈውን ጨምሮ ካሜራዎቹን በነፃ እንደሚመረምርና የሸተር ክፍሎችን እንደሚተካ አስታወቀ። በመጋቢት 2014 የቻይና ማዕከላዊ ቴሌቪዥን ጉዳዩን በሸማቾች መብት ቀን ዝግጅቱ ካቀረበ በኋላ የሻንግሃይ ባለሥልጣናት ዲ600 እንዳይሸጥ አዘዙ።

ካኖንም እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው ኢኦኤስ 1ዲ ማርክ 3 ካሜራ ላይ የራስ ሰር ትኩረት ችግር ገጥሞታል። ካሜራው የተሠራው በተለይ ለስፖርት ፎቶ አንሺዎች ነበርና ቅሬታው የመጣው ስሙን ከገነቡለት ሰዎች ነው። ኩባንያው በነፃ ጥገና አቀረበ። በዚያው ዓመት ኒኮን ዲ3 የተባለውን ካሜራ በማውጣቱ ግን ቅር የተሰኙት ባለሙያዎች መሄጃ አገኙ።

የኢኮኖሚ ሊቁ አልበርት ሂርሽማን እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ቅር የተሰኘ ደንበኛ ወይ ትቶ ይሄዳል ወይ ድምፁን ያሰማል፤ ታማኝነት ደግሞ መሄዱን አዘግይቶ ለድምፅ ጊዜ ይሰጣል ይላል። በዚህ ዕይታ የሚያማርር ደንበኛ ለኩባንያው ጠቃሚ ነው፤ ገና ተስፋ አልቆረጠምና። ዝም ብሎ የሚሸጥና የሚወጣው ግን ስህተቱ የት እንዳለ አይናገርም።

ስም ሳያድን ሲቀር

ታማኝነት አንድን ኩባንያ ከሌላ ተመሳሳይ ኩባንያ ሊጠብቀው ይችላል፤ ገበያው ራሱ ሲለወጥ ግን አይበቃም። የኮዳክ መሐንዲስ ስቲቨን ሳሰን እ.ኤ.አ. በ1975 0.01 ሜጋፒክስል ያለው የመጀመሪያውን በእጅ የሚያዝ ዲጂታል ካሜራ ሠራ። አንድ ምስል በካሴት ላይ ለመቅዳት 23 ሴኮንድ ይፈጅበት ነበር። ኮዳክ ግን ዋና ገቢው ከፊልም ስለነበር ወደ ዲጂታል ሙሉ በሙሉ ለመዞር ዘገየ። እ.ኤ.አ. በ2005 በአሜሪካ የዲጂታል ካሜራ ሽያጭ ቀዳሚ እስከ መሆን ቢደርስም ትርፉ አነስተኛ ነበር፤ በጥር 2012 ከአበዳሪዎቹ በሕግ ጥበቃ ጠየቀ፣ በቀጣዩ ወርም ዲጂታል ካሜራ ማምረት እንደሚያቆም አስታወቀ። ስም ከመቃብር በላይ እንደሚውል ሁሉ፣ የኮዳክ ስም ዛሬም በፈቃድ በሌላ ኩባንያ በሚቀርቡ ካሜራዎች ላይ ይታያል።

ከዚያ በኋላ ስማርትፎን መጣ። የጃፓን የካሜራ አምራቾች ማኅበር እንደሚያሳየው ለገበያ የቀረቡ ዲጂታል ካሜራዎች ብዛት እ.ኤ.አ. በ2010 ወደ 121 ሚሊዮን ደርሶ ነበር፤ በ2020 ወደ 9 ሚሊዮን ገደማ ወረደ። ከሁሉ የበለጠ የወደቁት ሌንሳቸው የማይቀየር ትንንሽ ካሜራዎች ናቸው። የእነዚህ ገዢዎች ስሙን ቢወዱትም የሚያስራቸው ሌንስ አልነበረም፤ ስልክ ሲሻላቸው ሄዱ። በገበያው የቀረው በአብዛኛው ሌንስ የገዛው ደንበኛ ነው።

ለገዢው ያለው ጥቅምና ጉዳት

በአንድ ብራንድ መጽናት የራሱ ጥቅም አለው። ሌንሶች፣ ባትሪዎችና ብልጭታዎች ከአንዱ ካሜራ ወደ ቀጣዩ ይሸጋገራሉ፤ ልምዱም አይባክንም። ጉዳቱ ደግሞ አምራቹ ደንበኛው እንደማይወጣ ሲያውቅ ዋጋ ለመጨመር ወይም ለማሻሻል ለመዘግየት መቻሉ ነው።

ታዋቂ ስም በሁሉም ቦታ እኩል ዋጋ የለውም። ካሜራው ከአምራቹ ሕጋዊ ወኪል ውጭ ከሌላ አገር የመጣ ከሆነ ዋስትናው ላይሠራ ይችላል። በአሜሪካ ለምሳሌ የኒኮን ቅርንጫፍ በእርሱ በኩል ያልገቡ ዕቃዎችን እንደማይጠግን ያስታውቃል። ኢትዮጵያ ውስጥ ብዙ ካሜራ የሚገባው ከዱባይና ከሌሎች ከተሞች በነጋዴ ወይም በመንገደኛ እጅ ስለሆነ፣ ገዢው በተግባር የሚታመነው በሁለት ስሞች ነው፦ በአምራቹና በሻጩ። ካሜራው ሲበላሽ የሚፈለገው መለዋወጫ ያለውና መጠገን የሚችል ባለሙያ በመሆኑ፣ በብዛት የተሸጠ ብራንድ በዚህ በኩል ይሻላል። ያገለገለ ካሜራ ሲገዛም ሸተሩ ስንት ጊዜ እንደተተኮሰ፣ የሌንሱ መስታወት ሻጋታ እንዳለበትና ሴንሰሩ ንጹሕ መሆኑ የሚታየው በስሙ ሳይሆን በራሱ በዕቃው ላይ ነው።